ፔሬድ ቀረ፣ ሲስት ተገኘ፤ ከየት ልጀምር?

ፔሬድሽ ቀርቶ አልትራሳውንድ ተነሳሽ እንበል። ወረቀቱ ላይ «ሲስት» ተጽፏል። እቤት ሳትደርሺ አንዷ የክኒን ስም ትነግርሻለች። ክኒኑ ይቆይ፤ መጀመሪያ ለምን እንደቀረ ይታወቅ።

ምልክት፦ ፔሬድ ዘገየ ወይም ጠፋ

«እኔ? በፍፁም!» ብትዪም እንኳ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ከፋርማሲ የሚገዛው የሽንት ምርመራ ይበቃል። ኔጌቲቭ ሆኖ ፔሬዱ አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው።

ከዚያ የምትወስጂውን አስታውሺ። የሦስት ወር መርፌ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። አንድ ዓመት ከተጠቀሙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ፔሬድ አያዩም። «ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል» የሚባለው ወሬ ነው፤ የማህፀኑ ግድግዳ ስለሳሳ የሚወርድ ነገር የለም። መርፌው ከቆመ በኋላም ለመመለስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። ፖስትፒልም ቀን ያዛባል።

ኪሎ በአንዴ መቀነስ፣ ከባድ ስፖርትና ጭንቀትም ያስቀራሉ። ታይሮይድና ፕሮላክቲን (ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን) ሲዛቡም ፔሬድ ይቀራል፤ በደም ምርመራ ይለያሉ። ሳታጠቢ ጡትሽ ወተት ካወጣ ፕሮላክቲን ይጠረጠራል።

በሰዓቱ ይመጣ የነበረ ፔሬድ 3 ወር፣ ድሮም የተዘበራረቀ ከነበረ ደግሞ 6 ወር ከጠፋ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ምልክት፦ አልትራሳውንዱ «ሲስት» አለ

ኦቫሪ (እንቁላል የሚያመርተው አካል) ላይ የሚታዩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ።

አንደኛው ነጠላ፣ ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ነው። እንቁላል የሚያድግበት ከረጢት ሳይፈነዳ ሲቀር፣ ወይም ከፈነዳ በኋላ ፈሳሽ ሲቋጥር ይፈጠራል። አብዛኛው በ2 ወይም በ3 ወር ራሱ ይጠፋል። መፍትሄው መጠበቅና አልትራሳውንዱን መድገም ነው። የእርግዝና መከላከያ ክኒን ያለውን ሲስት ቶሎ እንደማያጠፋ ተጠንቷል። አንዲት ጓደኛዬ 3 ሴንቲሜትር ለምታህል ሲስት ሁለት ወር ክኒን ዋጠች። ሲስቷ ጠፋች፣ ምስጋናው ለክኒኑ ሆነ። ባትውጥም የምትጠፋ ይመስለኛል። የሚያድግ ወይም ውስጡ ጠጣር ነገር ያለው ግን የማህፀን ሐኪም ይየው።

በአንድ ጎን ድንገት ከባድ ሕመም ከተነሳና ካስመለሰሽ ኦቫሪው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም ይጠረጠራል። በሁለቱም ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል።

ሁለተኛው ፒሲኦኤስ (PCOS) የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። እዚህ «ሲስት» የሚባሉት ማደግ ያቆሙ፣ ከ1 ሴንቲሜትር ያነሱ ብዙ የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው። በአልትራሳውንድ ብቻ አይወሰንም። ፔሬዱ መዛባቱ፣ የወንድ ሆርሞን መብዛቱ (ብጉር፣ አገጭ ላይ ፀጉር) እና የኦቫሪው መልክ ተያይተው፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሲገኙና ሌላው ምክንያት ሲወገድ ነው ስሙ የሚሰጠው።

ምልክት፦ ክኒን ስውጥ ይመጣል፣ ሳቆም ይጠፋል

በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው። በክኒን የሚመጣው ደም ሆርሞኑ ሲቋረጥ የሚፈስ ነው፤ እንቁላል ወጥቷል ማለት አይደለም። ምክንያቱ እዚያው ተቀምጧል።

ያ ማለት ግን ክኒኑ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በፒሲኦኤስ ደም ለወራት ካልወረደ የማህፀኑ ግድግዳ ይወፍራል፤ ዓመታት ሲቆይ ለካንሰር ያጋልጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ፕሮጄስቲን የሚባለውን ሆርሞን ለ10 ቀን ገደማ ወይም የመከላከያ ክኒን ያዛል። ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን ከመጀመርሽ በፊት ግፊትሽን ተለኪ። ደም ረግቶብሽ የሚያውቅ ከሆነ፣ ዓይን ላይ ብልጭታ የሚቀድመው ማይግሬን ካለብሽ፣ ወይም ከ35 ዓመት በላይ ሆነሽ የምታጨሺ ከሆነ ተናገሪ። የጎረቤትሽን ክኒን መዋስማ አይታሰብም።

ኪሎ ከበዛ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ለአንዳንዶች ፔሬዱን ይመልሳል። በፒሲኦኤስ ለሚዛባው ስኳርና ኢንሱሊን (ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን) ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን ይታዘዛል።

ልጅ የምትፈልጊ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ምርጫ እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳው ሌትሮዞል ነው፣ በፔሬዱ መጀመሪያ አካባቢ ለ5 ቀን። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ስለ ጡት ካንሰር ያወራል። አትደንግጪ፤ መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለዚያ ስለሆነ ነው።