ጀልባ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ከቤታችሁ በር እስከ ማሰሪያው ያለውን ርቀት እንዴት ትለኩታላችሁ

ሰው ጀልባ ሲገዛ የሚጠይቀው ያው ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው፣ ፋይበር ነው እንጨት፣ ስንት ሰው ይይዛል ምናምን ነው። "ቤትህ ከሀይቁ ምን ያህል ይርቃል?" ያለኝ ሻጭ የለም፣ ለምን ይላል፣ ሽጦ ሊገላገል። እኔ የመጀመሪያዋን ጀልባ ስገዛ ስራዬ አዳማ ነበር፣ ጀልባዋ ሀዋሳ አሞራ ገደል አካባቢ ታስራ እኔ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ሞጆ መቂ ባቱ ሻሸመኔ እያልኩ በየሁለት ሳምንቱ እመጣለሁ ብዬ ነው። በየሁለት ወሩ ከመጣሁም ጎበዝ ነበርኩ። አሁን የምኖረው እዚሁ ሀዋሳ አቶቴ ነው፣ ጀልባዋም ያችው ሀይቁም ያው፣ ወጪው ግን በጣም ቀንሷል። ስለዚ ልትገዙ ያሰባችሁ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እነዚን አድርጉ።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ደቂቃ ቁጠሩ። ማፕ ላይ የሚታየውን መንገድ ማለቴ አደለም፣ ከቤት በር ወጥታችሁ ገመድ ፈትታችሁ እስክትነሱ ያለውን ነው። እኔ ስልኬ ላይ ሰዓት ጀምሬ ለክቼዋለሁ፣ ከአቶቴ ሀይቁ ዳር በባጃጅ 12 ደቂቃ፣ ከበር እስከ መነሳት ግን 50 ደቂቃ! ለምን መሰላችሁ፣ ሞተር ማታ ጀልባ ላይ ትቶ የሚተኛ የለም፣ 15 ፈረስ ጉልበት የሚባለው ደግሞ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ እሱን ከቤት አውጥቶ ባጃጅ ላይ መጫን፣ ሹፌሩ አይቶት "ይሄማ የሁለት ሰው ሂሳብ ነው" ሲል መከራከር፣ የቤንዚን ጀሪካን፣ ላይፍ ጃኬት፣ መቅዘፊያ (ሞተር ቢኖርም መቅዘፊያ ይያዛል፣ በዚ አልከራከርም)፣ ከዛ ማውረድ፣ መግጠም። ሞተሩን ሀይቁ ዳር ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያለው ጓደኛዬ ከእኔ ርቆ ቱላ እየኖረ ከእኔ ቀድሞ ውሃ ላይ ይወጣል። ስለዚ ማሰሪያ ስትፈልጉ "ሞተር የት ይቀመጣል?" የሚለው ጥያቄ ከሰፈር ምርጫ ይቀድማል።

ቀጥሎ ጀልባው ሳይኖራችሁ ለአንድ ወር ጀልባ እንዳለው ሰው ሁኑ። ሰው ሲሰማው ይስቃል፣ ግን አድርጉት። በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ሀይቁ ዳር ተገኙ፣ ሻይ ጠጡ፣ አሳ አጥማጆቹ ማታ የጣሉትን መረብ ስበው ቆሮሶና አምባዛ ይዘው ሲገቡ እዩ፣ ተመለሱ። ጠዋት ያልኩት ሀይቁ ጠዋት ዝም ስለሚል ነው፣ ከሰዓት ብዙ ጊዜ ንፋስ ይነሳና በትንሽ ጀልባ አይመችም። ሩቅ ያለ ሰው ትልቁ ጉዳቱ እዚ ጋ ነው፣ ነዳጁ ሳይሆን ሰዓቱ። ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ቅርብ ነው ትላላችሁ፣ ግን እዛ የሚኖር ሰው 12 ሰዓት ውሃ ላይ ልሁን ካለ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለበት፣ አንዴ ያደርገዋል፣ ሁለቴም ያደርገዋል፣ ከዛ 3 ሰዓት ላይ ቁርሱን በልቶ ይመጣል፣ ሳይጠግብበት ንፋሱ ይጀምራል። ከስምንቱ ቀን አምስቱን ከሄዳችሁ ግዙ። ሁለቱን ብቻ ከሄዳችሁ ፍቅር ሀይቅ የሚባለው የሀይቁ ዳርቻ ሄዳችሁ ስትፈልጉ በሰዓት ተከራዩ፣ እመኑኝ ይሻላችኋል።

ሦስተኛው ዝናብ ነው፣ እዚ ላይ ትንሽ ላስረዝም ምክንያቱም የኔ ጀልባ የሰመጠችው በዚ ነው። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። የኔ ጀልባ 5 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል ነች፣ ክፍት የሆነው ክፍሏ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሌሊት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 240 ሊትር ገባ ማለት ነው፣ በባለ 20 ጀሪካን 12! ጠዋት የሚቀዳው ሰው ካለ የግማሽ ሰዓት ስራ ነው፣ ከሌለ ማታ ሌላ ዝናብ ይጨመርበታል፣ ጀልባዋ ዝቅ ስትል ደግሞ ትንሹ ሞገድ ራሱ በጎን መግባት ይጀምራል። ነሐሴ ላይ ነው፣ እኔ አዳማ ስራ ላይ፣ ጠባቂው ለቅሶ ሄዶ ቅዳሜ ተመልሶ ደወለልኝ፣ "ጋሼ ጀልባዋ ትንሽ ዝቅ ብላለች"። ትንሽ! እሁድ ስደርስ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ አንድ አባ ኮዳ (ያ ትልቁ ወፍ) ቆሞበታል፣ እንደ ባለቤት። ባትሪው ሄደ፣ መቀመጫው አበጠ። በጠባቂው አልፈርድም፣ ለቅሶ ለቅሶ ነው፣ ችግሩ አንድ ሰው ላይ ብቻ መንጠልጠሌ ነው።

ስለዚ ሩቅ ከሆናችሁ፣ ሸራ አልብሷት ግን መሀሉን በእንጨት ከፍ አድርጉት፣ ጠፍጣፋ ሸራ ራሱ ኩሬ ይሆናል። ለጠባቂ በወር ከመክፈል ትንሽ ቋሚ ሰጥቶ በዘነበ ቁጥር በቀዳው ልክ መጨመር ይሻላል። በቴሌግራም የጀልባዋን ውስጥ ፎቶ ያንሳ፣ ውጪዋን አይደለም ውስጧን። እኔ አንዴ የሦስት ቀን ፎቶ መጥቶልኝ ሳየው ሦስቱም ላይ ያው ሰማያዊ ባልዲ በዛው ቦታ ተጋድሟል፣ አንድ ቀን የተነሳ ነው! ከሁሉ የሚሻለው ክረምቱን ከውሃ አውጥቶ ገልብጦ ማስቀመጥ ነው፣ አራት ጎረምሳ ይበቃል።

ገመዱን ደግሞ አትርሱ። ሀዋሳ ሀይቅ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለውም፣ ስለዚ በክረምት ይሞላል በበጋ ይጎድላል። አሳጥራችሁ ካሰራችሁ ውሃው ሲነሳ አፍንጫዋን ወደ ታች ይይዛታል፣ ሲጎድል ጭቃ ላይ በጎኗ ትተኛለች። ቅርብ ያለ ሰው በሄደ ቁጥር ሳያስበው ያስተካክለዋል፣ ሩቅ ያለ ሰው ግን በሁለት ወሩ መጥቶ ነው የሚያየው። ሁለት ገመድ አድርጉ፣ ከእንጨት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ያረጀ የውሃ ጎማ ቁራጭ አልብሱት።

ቤንዚን ላይ ቶሎ ልለፍ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ብዙ ጊዜ 50 ለ1 ነው የሚቀላቀለው፣ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ ግን የራሳችሁን ሞተር መመሪያ እዩ። የተቀላቀለ ቤንዚን ወር ሁለት ወር ሲቀመጥ ይበላሻል፣ ካርቡራተር ይደፍናል፣ ስለዚ አልፎ አልፎ የምትመጡ ከሆነ የዛን ቀኑን ብቻ ቀላቅሉ፣ ስትጨርሱ የነዳጅ ቱቦውን ነቅላችሁ ሞተሩ ያለውን ጨርሶ እስኪጠፋ አስኪዱት።

ሁሉን ለክታችሁ ስትጨርሱ፣ በኔ እይታ፣ ከበር እስከ መነሳት አንድ ሰዓት ካልሞላ ሞተር ጀልባ ግዙ። ከዛ በላይ እስከ ሁለት ሰዓት ከሆነ ሀይቁ ዳር ከሚኖር ሰው ጋር በሽርክና ግዙ፣ እሱ ይጠብቃል እናንተ ጥገናውን ትሸፍናላችሁ፣ ግን በወረቀት ይሁን ዘመድም ቢሆን። ከዛ ካለፈ በአየር የምትነፋዋን ገዝታችሁ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዛችሁ ተመላለሱ። አዳማ ያላችሁ ደግሞ ሀዋሳን ከመመኘት በፊት ቆቃ ሀይቅን እዩ፣ ለእናንተ እሱ ይቀርባል፣ ጉማሬና አዞ እንዳለበት ብቻ አትርሱ (ጉማሬ እኛም ጋ አለ፣ ቄጠማው አጠገብ ጀልባችሁን አትሰሩ)።

የሞተሩን መቆለፊያ ቁልፍ ሁለት አስቀርጹ፣ አንዱ ሀይቅ ዳር ካለው ሰው ጋር ይሁን። እኔ ቁልፍ ረስቼ አቶቴ ተመልሼ የሄድኩ ቀን ስመጣ ንፋሱ ቀድሞኝ ነበር።