ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ለሚያጥራችሁ
ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም (ሲኦፒዲ) ያለባችሁ፣ ደረጃ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ቶሎ ቶሎ አየር ለመሳብ አትታገሉ። ችግሩ ማስወጣቱ ላይ ነው፤ የጠበቡት የአየር ቧንቧዎች ቀድመው ስለሚዘጉ አሮጌው አየር ሳንባ ውስጥ ታምቆ ይቀራል፣ ለአዲሱ ቦታ አይኖርም።

ቆም ብላችሁ፣ አፋችሁን ገጥማችሁ 2 እስክትቆጥሩ በአፍንጫ ሳቡ። ከዚያ ከንፈራችሁን ለፉጨት እንደሚሆን አድርጋችሁ አሹሉና 4 እስክትቆጥሩ ቀስ ብላችሁ እያስወጣችሁ አንድ ሁለት ደረጃ ውጡ። ቆማችሁ እንደገና ሳቡ። የሾለው ከንፈር የሚፈጥረው ግፊት ቧንቧዎቹን ከፍቶ ያቆያቸዋል። በኃይል መንፋት ግን አይሆንም፤ መልሶ ይዘጋቸዋል።

ልምምዱን ደኅና ሳላችሁ፣ ተቀምጣችሁ ጀምሩት፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር አይለመድም። አርፋችሁም ካልተሻላችሁ ወይም ከንፈራችሁ ወደ ሰማያዊ ካደላ ይህን ትታችሁ በአስቸኳይ ወደ ሕክምና ሂዱ።