ወንዙን ከማጽዳታችሁ በፊት ሽቅብ ተራመዱ

አቃቂ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ብቻ ከአዲስ አበባ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ከቤታችሁ ጀርባ አንድ ወንዝ ወይ ጅረት አይጠፋም። ብዙዎቻችን የምናውቀው በጠረኑ ነው። በእድሩ ወይ በብሎኩ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ «እናጽዳው» ካለ ደግሞ የሚቀጥለው የታወቀ ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ ጓንት ይገዛል፣ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ግልብጥ ብሎ ይወጣል፣ ፌስታሉ ተለቅሞ እዚያው ወንዙ ዳር ይከመራል፣ ፎቶ ይነሳል። መኪናው አይመጣም። ዝናብ ይጥልና ክምሩን መልሶ ይወስደዋል።

እኔ የምመክረው ሌላ ቅደም ተከተል ነው። መልቀሙን መጨረሻ ላይ አድርጉት።

መጀመሪያ ሽቅብ ሂዱ

በበጋ አንድ ጠዋት፣ ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ፣ ወንዙን ይዛችሁ ወደ ላይ ተራመዱ። ሁለት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ለምን በበጋ? ምክንያቱም ዝናብ በሌለበት ወር ወደ ወንዙ የሚገባ ማንኛውም ፈሳሽ ከሰው የመጣ ነው፤ ምንጭ ካልሆነ በቀር። ቱቦ አፉን ያወጣበትን ቦታ፣ ውሃው ድንገት ቀለም የሚቀይርበትን፣ አረፋ የሚጀምርበትን፣ ገልባጭ መኪና አፈርና ፍርስራሽ የደፋበትን በሙሉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ቦታውን ስልኩ ራሱ እንዲመዘግብ አድርጉት። ቀንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ። ይኼ ደብተር በኋላ ከአካፋ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

በእኛ በኩል የምታገኙት ብዙ ጊዜ ይሄን ይመስላል። የመኪና እጥበት፣ ጋራዥ፣ የከብት ቤት እበት፣ ከሽንት ቤት በስውር የወጣ ቱቦ፣ ማታ ማታ በሲኖትራክ የሚደፋ የግንባታ ፍርስራሽ። ከበዓል ማግስት ደግሞ ቆዳና አንጀት። የበግ ቆዳ ገዢ ካጣ ወዲህ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ሲያልፍ ወንዝ ዳር የሚጣለውን ያየ ያውቀዋል። ትንሹ አቃቂን ተከትላችሁ ከወጣችሁ ፋብሪካና ቆዳ ማልፊያም አለ፤ እሱ የሚፈታው በሰፈር ልጆች ስላልሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሽቅብ መሄድ ሌላም ነገር ያሳያችኋል። የአዲስ አበባ ወንዞች አብዛኞቹ ከእንጦጦ ነው የሚነሱት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፣ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ። ቀበናም ቀጨኔም ወርደው ወርደው ትልቁ አቃቂ ውስጥ ነው የሚገቡት። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ደግሞ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኙና ወደ አዋሽ ያመራሉ። ስለዚህ እናንተ ታች ከሆናችሁ ከላይ ያለው ሰው ሁሉ ጎረቤታችሁ ነው። ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በእናንተ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ የሚያጠጣ ገበሬ ታች አለ። ያ ሰላጣ ተመልሶ ወደ እናንተው ገበያ ይመጣል።

ትንሽ ቦታ ምረጡ

ወንዙን በሙሉ አታድኑትም። ሁለት መቶ ሜትር ያዙ። ያንን ሁለት መቶ ሜትር ዓመቱን ሙሉ የሚያይ ሰው ከሌላችሁ ደግሞ መቶ ሜትር ያዙ።

ቦታው የማነው የሚለውን ሳታጣሩ ዶማ አታንሱ። ከከተማው ዳር የወንዝ ዳርቻ ባዶ መስሎ ይታያል እንጂ ባለቤት ወይ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው አያጣም፦ የገበሬ ይዞታ ነው፣ የአትክልት ማህበር ነው፣ ወይም አፈር እየደፋ ዳርቻውን ወደ ቦታ የሚቀይር ደላላ አለ። ወረዳው ጽፎ ይፍቀድላችሁ፣ ማህተም ይኑረው። የአዲስ አበባና የሸገር ከተማ ወሰን ላይ ከሆናችሁ ሁለቱም ጋ ሂዱ፤ ወንዙ ወሰን አያውቅም፣ ቢሮው ግን ያውቃል። ማስታወቂያ ስትለጥፉም በአማርኛና በኦሮምኛ ይሁን።

ሰው ለማሰባሰብ አዲስ ማህበር አታቋቁሙ። እድር አለ። የስም ዝርዝር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ድንኳንና ወንበር አለው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀሪ የሚቀጣበት ደንብ አለው። የእድሩ ዳኛ አንዴ ካመነበት «በወር አንድ ቅዳሜ ሁለት ሰዓት» የሚለው ነገር ይሠራል። ጥምቀት ላይ ታቦት የሚወርድበት ወይም ኢሬቻ የሚከበርበት ውሃ አካባቢ ከሆናችሁ አባቶችንና የሀገር ሽማግሌዎችን ከመጀመሪያው ቀን ጥሩ፤ እነሱ የተናገሩት ከደንብ አስከባሪ ፉጨት በላይ ይሰማል።

ምንጩን መዝጋት

ዋናው ሥራ ይኼ ነው፣ ሰዉም የሚሸሸው ይኼን ነው፣ ምክንያቱም ከጎረቤት ጋር ያነጋግራል።

ሽንት ቤቱን ክረምት ሲገባ ጎርፍ ላይ የሚለቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። ክፉ ስለሆነ አይደለም። መጣጩ መኪና ጠባብ መንገድ አይገባለትም፣ ወረፋው ረጅም ነው፣ ዋጋው ያስደነግጣል። ስለዚህ «ለምን ትለቃለህ» ብሎ መጮኽ ዋጋ የለውም። አምስት ስድስት ቤት አንድ ላይ ሆኖ መኪናውን በአንድ ቀን ይጥራ፣ ከውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው እድሩ ይመድብ። ይህን ከክረምት በፊት፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጨርሱት። ሰኔ ከገባ ሁሉም ሰው ይደውላል።

ጋራዥና እጥበት ቤት ጋ ስትሄዱ በወዳጅነት ሂዱ። የተቃጠለ ዘይት ገዢ አለው፣ በርሜል ውስጥ ቢጠራቀም ለጋራዡ ልጅም የሻይ ይሆነዋል። እጥበት ቤቱ ውሃውን ወደ ወንዝ ከመልቀቁ በፊት ጭቃና ዘይቱ የሚቀርበት ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል፤ ዘይት ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ሁለት ክፍል ያለው፣ መውጫው ከታች በኩል የሆነ ጉድጓድ ብዙውን ያስቀረዋል። ላም የሚያረቡትን ደግሞ ሣር ቃል ግቡላቸው። ሣሩ ከየት ይመጣል? እመጣበታለሁ።

ዳርቻውን ማልበስ

ወንዙ ዳር መሬቱ ከተቦረቦረ ችግኝ ብቻ አይዘውም። ከጎን ወደ ወንዙ የሚገባ ቦረቦር ካለ ከላይኛው ጫፍ ጀምራችሁ ክትር፣ ማለትም ጎርፉን የሚያረግብ አጭር የድንጋይ ግድብ፣ ሥሩ። ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ። የክትሩ መሀል ከጎንና ጎኑ ዝቅ ይበል፤ አለበለዚያ ውሃው ዳር ዳሩን ቆፍሮ ያልፍና ድንጋያችሁ ብቻውን መሀል ላይ ይቀራል። የክትሩ ጫፎች ደግሞ ግራና ቀኝ የቦረቦሩ ግድግዳ ውስጥ ይግቡ። በሁለት ክትሮች መሀል ያለው ርቀት ስንት ይሁን ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከሆነ ልክ ነው።

ከዚያ ሣር። ደሾ ሣር የዚሁ ሀገር ነው፣ ደጋውን ይችላል፣ ሥሩ አፈር ይይዛል፣ ከብትም ይወደዋል። ከነሥሩ እየከፈላችሁ፣ በጣት ስፋት ሳይሆን በስንዝር ግማሽ እያራራቃችሁ፣ ተዳፋቱን አግድም በመስመር ትከሉ። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ፣ አፈሩ ጠግቦ ሲርስ። ከብት አስገብታችሁ አታግጡ፤ እየታጨደ ይወሰድ። ለላም አርቢዎቹ ቃል የገባችሁት ሣር ይኼ ነው። እበቱን ከወንዙ ካራቁ አጭደው ይወስዳሉ፤ ካላራቁ አይወስዱም። እንዲህ ያለ ውል በወረቀት ይሁን።

ዛፍ ላይ ሰው ይጣላል። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ገንዘብ ነው፣ እኔም ቤት ሠርቼበታለሁ። ወንዝ ዳር ግን አልመክረውም፤ ውሃውን ይጠጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ ሣር ከሌለ ደግሞ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። ያለውን በአንድ ቀን አትጨፍጭፉት፣ ባለቤቱም አይፈቅድም፤ ሲቆረጥ በቦታው ሌላ እየተካችሁ ሂዱ።

ውሃው ጠርዝ ላይ አኻያ። ክንድ የሚያህል ርዝመት፣ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ሁለት ሦስተኛውን ርጥብ መሬት ውስጥ ክተቱት፣ ይጸድቃል። ችግኝ ጣቢያ አያስኬድም፣ ወጪም የለውም። ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ዶቅማና ብሳና፣ ደረቅ ባለው ላይ ወይራና ግራዋ፣ እንጦጦና ሱሉልታ ከፍታ ላይ ኮሶ። አቃቂ በኩል ጥቁር አፈር ስለሆነ በበጋ ይሰነጠቅና ሥሩን ያጋልጣል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙ።

የዘመቻ ቀን አንድ ሺህ ችግኝ ተክሎ ጥቅምት ላይ ዞር ብሎ የማያየውን ሰው አትከተሉ። መቶ ትከሉ። እያንዳንዱን ለአንድ ቤት በስም ስጡ። ከኅዳር እስከ መጋቢት በሳምንት አንድ ጀሪካን። ውሃው ከየት የሚለው ከባድ ነው፤ ወንዙ ቀለም ያለው ከሆነ ከእሱ አትቅዱ፣ የልብስ ማለቅለቂያ ውሃ ይሻላል። ፍየል ደግሞ አለ። ፍየል ላይ ስብሰባ አይሠራም፣ እሾህ አጥር ነው የሚሠራው። ቀጋ ብትተክሉ ራሱ አጥር ይሆናል።

አሁን ልቀሙ

ግንቦት ላይ፣ ጎርፉ ሳይመጣ። ቦቲ ጫማና ወፍራም ጓንት ግዴታ ነው፤ ስስ የሐኪም ጓንት አይሆንም፣ መርፌና ጠርሙስ አለ። ልጆች ከላይ ቆመው ማዳበሪያ ከረጢት ይያዙ እንጂ አይውረዱ። አቃቂ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ላይ ሊዘንብ ይችላል፣ ጎርፉ የሚደርሰው በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከላይ በኩል ያለ ሰው በስልክ እንዲነግራችሁ አድርጉ፣ ተራራው ከጠቆረ ውጡ። ቀለም ወይም የኬሚካል ሽታ ያለው ውሃ ውስጥ ጭራሽ አትግቡ።

የቆሻሻ ሰብሳቢ ማህበሩ መኪና የሚመጣበትን ሰዓት ሳታረጋግጡ ቀን አትቁረጡ። ፕላስቲክ ጠርሙሱን ለብቻ ለዩት፣ ገዢ አለው፣ ለጓንት መግዣ ይሆናል።

ለውጡን እንዴት ታውቃላችሁ

ላብራቶሪ ባይኖርም ድንጋይ አለ። ውሃው ንጹሕ መስሎ በሚታይ ቦታ ድንጋይ አንሱና ከሥሩ እዩ። ሦስት ቀጭን ጭራ ያላቸው ትናንሽ ነፍሳት ከተለጠፉበት ውሃው ደህና ነው። ቀያይ ትሎች ብቻ ካሉ ፍሳሽ በዝቶበታል። ምንም ከሌለ የባሰ ነው። በየወሩ እዚያው ቦታ እዩ፣ ፎቶውንም ከአንድ ቦታ አንሱ። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ይሄን ሥራ በደስታ ይወስዳል።

ፋብሪካው ከሆነስ

እዚህ ጋ ነው ደብተሩ የሚያስፈልገው። ሰው «እኔን ምን አገባኝ፣ ማን ይሰማኛል» ይላል። ሕጉ ግን እንደሚያገባው ጽፎለታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ በግሉ ተጎዳሁ ማለት ሳያስፈልገው፣ በሚበክል ወይም ሊበክል በሚችል ሰው ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ ከዚያ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የት፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት፣ ምን ዓይነት ቀለም ወይም ሽታ፣ ስንት ጊዜ፣ ፎቶ ተያይዟል። ስድብና ግምት አይግባበት፣ «ሆን ብሎ» የሚለውን ቃል አውጡት። በራሳችሁ ጠርሙስ የቀዳችሁት ውሃ ለክርክር ስለሚጋለጥ፣ ባለሙያ መጥቶ ናሙና እንዲወስድ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚለቀቀው ሌሊትና ቅዳሜ እሑድ ከሆነ ይህንኑ ጻፉ፣ ባለሙያው ማክሰኞ ጠዋት መጥቶ ንጹሕ ውሃ ቀድቶ እንዳይሄድ። በእድሩ ማህተም ይሁን፣ ቢያንስ አሥር ሰው ይፈርም። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገባበት ቀንና ቁጥር በቀሪው ቅጂ ላይ ይመታላችሁ፤ 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው።