ፈረሱን ከጥግ አውጡት

ቼዝ ስትጫወቱ ፈረሳችሁን ጥግ ላይ አታስቀምጡት። ባዶ ሰሌዳ ላይ ቁጠሩት፦ መሃል የቆመ ፈረስ 8 ቤት ይደርሳል፣ ጠርዝ ላይ ቢበዛ 4፣ ጥግ ላይ ግን 2 ብቻ። ያው ፈረስ እኮ ነው! ወታደር ስትገፉ ደግሞ ሁለቴ አስቡ፣ ወደ ኋላ መመለስ የሚባል ነገር አያውቅማ፤ እኔ ስንቴ በችኮላ ገፍቼ፣ ትቶት የሄደው ክፍተት ላይ የተጋጣሚዬ ፈረስ ተደላድሎ ሲቀመጥ እያየሁ ተናድጃለሁ።

የተኩስ ቪዲዮ ጌም ለምትወዱም ያው ነው፤ የምትቆሙበት ቦታ ወሳኝ ነው። ማዕዘን ስትዞሩ ግድግዳው ላይ አትለጠፉ። ራቅ ብላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ፣ ቁራጭ በቁራጭ እያያችሁ ዙሩ፤ ማዕዘኑን የተጠጋው ሰው እናንተን ሳያይ ትከሻው ቀድሞ ብቅ ይላል።