ፎር ዊል መኪና ሲታጠፍ የሚንቀጠቀጠው ለምንድን ነው?

ቀጥ ብሎ ሲሄድ ምንም የለበትም። መሪውን እስከ ጥግ ስታዞሩት ግን መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ይይዛል፣ አንዳንዴም ጎማው እየዘለለ የሚሄድ ይመስላል። ዕቃ ከማስፈታታችሁ በፊት የፎር ዊሉን ማርሽ እዩ። ፎር ዊሉ ገብቷል ወይስ ወጥቷል?

መኪና ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል መንገድ አይሄዱም። የፊቶቹ ሰፋ አድርገው ይዞራሉ፤ የኋላዎቹ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ያቋርጣሉ። ስለዚህ የፊቶቹ ፈጠን ብለው መሽከርከር አለባቸው። በብዙ ፒክአፖችና በድሮ ፎር ዊሎች ላይ ግን ይህን ልዩነት የሚያቻችል የመሀል ዲፈረንሻል (ጎማዎቹ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርግ የጥርስ ስብስብ) የለም። ፎር ሃይ (አራቱም ጎማ የሚነዳበት ማርሽ) ሲገባ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ይታሰራል። ጭቃ ወይም አሸዋ ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ችግር የለውም። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ውጥረቱ ዘንጎቹ ላይ ይጠራቀማል። ጎማው በድንገት ሲለቅ ነው መኪናው የሚዘለው። መሪውም ይከብዳል።

ይህ ገና ብልሽት አይደለም፤ ከቀጠላችሁበት ግን ክሮቼራውንም (የዘንጎቹን መጋጠሚያ) ትራንስፈሩንም (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ይጎዳል። ወደ ቱ ሃይ፣ ማለትም ሁለት ጎማ ብቻ ወደሚነዳበት ማርሽ፣ መልሱት። ማርሹ አልወጣም ካለ በጉልበት አትጎትቱት። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ሂዱ፤ ውጥረቱ ሲላላ ራሱ ይለቃል። መኪናችሁ ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ የመሀል ዲፈረንሻሉ ሎክ መብራት በርቶ እንዳይሆን ዳሽቦርዱን እዩ።

ቱ ሃይ ላይም ካልተወ ሰፊና ባዶ ሜዳ ፈልጉ። ቀስ እያላችሁ በግራም በቀኝም ክብ ዙሩና ጆሯችሁን ስጡት።

ከፊት ጎማ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመጣ፣ በተለይ መሪው ጥግ ላይ ሆኖ ነዳጅ ስትሰጡት ከባሰ፣ ሲቪ ጆይንቱን (ጎማው እየታጠፈም ኃይል የሚያደርሰውን መጋጠሚያ) ጠርጥሩ። በባትሪ ከጎማው ጀርባ እዩ። የጆይንቱ የላስቲክ ሽፋን ተቀዶ ጥቁር ግራሶ ቸርኬው ላይ ከተረጨ መልሱን አገኛችሁ። ድምፅ ካልጀመረ አጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ ሽፋኑን መቀየር ይበቃል። መንጫጫት ከጀመረ በኋላ ግን የተበላን ብረት ግራሶ አይመልሰውም፤ ጆይንቱ ይቀየር።

ንዝረቱ ከኋላ ከሆነ፣ ጠባብ ቦታ ላይ በዝግታ ስትዞሩ ከታች የማጉረምረም ድምፅ ካለው፣ የኋላ ዲፈረንሻሉ ሊሚትድ ስሊፕ (አንዱ ጎማ ብቻውን እንዳይሽከረከር የሚይዝ) መሆኑን አጣሩ። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ውስጡ እየተፋተጉ የሚይዙ ሳህኖች አሉት፤ ለእነሱ ተብሎ የተሠራ ዘይት ይፈልጋል። ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ሲገባበት ሳህኖቹ እየያዙ እየለቀቁ ይንቀጠቀጣሉ። እኔ ዲፈረንሻል ለማስከፈት ፈጽሞ አልቸኩልም። መጀመሪያ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዘይት ቀይሩ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በዝግታ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራችሁ ንዱ፤ ዘይቱ ሳህኖቹ መካከል እንዲገባ ነው። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይድናል።

ጎማም አይረሳ። ሁለቱን ብቻ አዲስ አድርጋችሁ ሌሎቹ ካለቁ ዙሪያቸው ይለያያል። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና ይህን አይወድም። መጠናቸውም ንፋሳቸውም መኪናው የሚያዘው መሆን አለበት።

ስትታጠፉ የሚጨምር ወይም የሚቀንስ ኡኡታ ካለ የጎማ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል። ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ያኔ ከባሰ የቀኙን ጠርጥሩ። መኪናውን አንሱና ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ አወዛውዙት፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም፣ መደገፊያ አስገቡ። ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ካልሆነ የእግር መጋጠሚያዎቹ ላልተዋል፤ ሳይጠገን መንገድ አትውጡ።

መኪናው ቆሞም መሪው ሲዞር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፎር ዊል ጉዳይ አይደለም። የመሪ ዘይቱን መጠንና የፓምፑን ቺንጋ እዩ።