የአሜሪካን የውጭ ፖሊሲ ስንከታተል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትልቁ ስህተት ፕሬዚዳንቱ የተናገሩትን ሁሉ የአገሪቱ አቋም አድርጎ መውሰድ ነው። ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን ፓሪስ ድረስ ሄደው አንደኛውን የዓለም ጦርነት በቋጨው በቬርሳይ ውል ለወራት ደክመዋል፤ ፈርመዋልም። ውል የሚጸድቀው ግን የኮንግረስ (የአገሪቱ ሕግ አውጪ) አንዱ ምክር ቤት በሆነው በሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነውና እ.ኤ.አ. በ1919ም በ1920ም ሳይሞላ ቀረ። ዊልሰን የደከሙለት የመንግሥታቱ ማኅበር ያለ አሜሪካ ሥራ ጀመረ። ሮናልድ ሬገንም በ1986 በአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ የሚጥለውን ሕግ በቪቶ፣ ማለትም ሕግን ባለመቀበል ሥልጣናቸው፣ ቢመልሱት፣ ሁለቱ የኮንግረስ ምክር ቤቶች ቪቶውን ሽረው አጸደቁት። በዚያ ዓመት ስለ ደቡብ አፍሪካ የዋይት ሐውስን መግለጫ ብቻ ያነበበ ሰው የተረዳው የነገሩን ግማሽ ነው።

ስምምነትን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየትም ያሳስታል። የ2015ቱ የኢራን የኑክሌር ስምምነት በፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ብቻ የተደረገ ነው እንጂ ለሴኔቱ እንደ ውል አልቀረበም፤ ቢቀርብ ድምፁ እንደማይሞላ ግልጽ ነበር። ዋጋው በ2018 ታየ፦ ዶናልድ ትራምፕ የኮንግረስን ፈቃድ ሳይጠይቁ አሜሪካን ከስምምነቱ አስወጡ።

ሦስተኛው ስህተት ሕገ መንግሥቱን አንብቦ እዚያው ላይ ማቆም ነው። ጦርነት የሚያውጀው ኮንግረስ ነው ይላል። ኮንግረስ ግን ከ1942 ወዲህ ጦርነት በይፋ አውጆ አያውቅም፤ የኮሪያና የቬትናም ውጊያዎች የተካሄዱት ያለ አዋጅ ነው። በ1973 የሪቻርድ ኒክሰንን ቪቶ ሽሮ ያወጣው ሕግ፣ ፕሬዚዳንቱ ጦር ወደ ውጊያ ሲያስገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲያሳውቁ፣ ፈቃድ ካላገኙም በ60 ቀን ገደማ እንዲያቆሙ ያዛል። በወረቀት ላይ ጥብቅ ነው፤ አብዛኞቹ ተከታይ ፕሬዚዳንቶች ግን ሪፖርት እየላኩም ቢሆን ሕጉን አምነው አልተቀበሉትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የኮንግረስ እውነተኛ ጉልበት ያለው በጀቱ ላይ ነው። በዚያው በ1973 በኢንዶቺና (በቬትናም፣ በካምቦዲያና በላኦስ) ለሚደረግ ውጊያ ገንዘብ ሲከለክል፣ የካምቦዲያ የአየር ድብደባ በኦገስት 15 ቆመ።

ፍርድ ቤትንም መርሳት አይገባም። ዳኞች የውጭ ጉዳይን ክርክር ብዙውን ጊዜ «የፖለቲካ ጥያቄ ነው» እያሉ ይሸሹታል። ሲገቡበት ግን ነገር ይለወጣል። ኮንግረስ በ2002 ባወጣው ሕግ፣ በኢየሩሳሌም የተወለደ አሜሪካዊ ከፈለገ በፓስፖርቱ የትውልድ ቦታ መስመር ላይ «እስራኤል» ተብሎ ይጻፍለት አለ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ እምቢ አለ። በዚያች አንዲት መስመር የተነሣው ሙግት ከአሥር ዓመት በላይ ወስዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ለአገር ዕውቅና መስጠት የፕሬዚዳንቱ ብቻ ሥልጣን ነው ሲል ድንጋጌውን ሻረ፤ በተቀረው የውጭ ጉዳይ ግን ፕሬዚዳንቱ ከኮንግረስ ቁጥጥር ነጻ እንዳልሆኑ በዚያው ፍርድ ላይ አሰፈረ።