ማቅለሚያን በሜታል ኦክሳይድ ናኖኮምፖዚት ከውሃ ሲያስወግዱ ሊርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቀለሙ የጠፋ ውሃ ሁሉ የጸዳ ውሃ አይደለም። በዚህ ሥራ የሚታዩት አብዛኞቹ ስህተቶች የሚመነጩት ዓይንን ወይም አንዲት የአብዞርባንስ (ናሙናው የሚውጠው የብርሃን ልክ) ቁጥርን ከማመን ነው።

በጨለማ ሳያማስሉ መብራት ማብራት

ናኖኮምፖዚቱ፣ ማለትም ሜታል ኦክሳይድ ያለበት እጅግ ደቃቅ ቅይጥ ዱቄት፣ ማቅለሚያውን ገጹ ላይ ይለጥፈዋል፣ በብርሃን ኃይል ደግሞ ይሰባብረዋል። ዱቄቱ እንደተጨመረ መብራቱ ከበራ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ መለየት አይቻልም። መጀመሪያ በጨለማ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ እያማሰሉ በየ10 ደቂቃው ናሙና ይውሰዱ፤ ንባቡ መለወጡን ሲያቆም መብራቱን ያብሩ። የብርሃኑ ሥራ የሚሰላው በዚያ ሰዓት ከነበረው መጠን ተነሥቶ ነው። ጎን ለጎንም ዱቄት የሌለው ቢከር መብራቱ ሥር ያስቀምጡ። ሜቲሊን ብሉ የተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ ያለ ዱቄትም በብርሃን ይደበዝዛልና ይህ ማነጻጸሪያ የጎደለው ውጤት አያሳምንም።

ፒኤችን መርሳት

የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ገጽ ቻርጅ ዜሮ የሚሆነው ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ) 6 ገደማ ላይ ነው፤ የዚንክ ኦክሳይድ 9 ገደማ ላይ። ከዚያ በታች ገጹ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በላይ ኔጌቲቭ ይሆናል። ፖዘቲቭ የሆነው ሜቲሊን ብሉ ከፍ ባለ ፒኤች በደንብ ይሳባል፤ ኔጌቲቭ የሆነው ሌላው ማቅለሚያ ሜቲል ኦሬንጅ ዝቅ ባለ ፒኤች። ይህን ይዞ ለሜቲል ኦሬንጅ ሲባል ዚንክ ኦክሳይድ ላይ አሲድ መጨመር ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ኦክሳይዱ በአሲድ ይሟሟል፣ ዚንኩም ውሃው ውስጥ ይቀራል። ከዚህም ሌላ ሜቲል ኦሬንጅ ራሱ ከፒኤች 4.4 በታች ወደ ቀይ ስለሚሄድ፣ ናሙናዎቹ ሁሉ ከመነበባቸው በፊት ወደ አንድ ፒኤች ይመለሱ።

ዱቄት ማብዛት

በሊትር ከ0.5 እስከ 1 ግራም ጥሩ መነሻ ነው። ሲበዛ ውሃው ይደፈርስና ብርሃኑ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ቅንጣቶቹም ይጓጉላሉ።

የማይስማማ መብራት

አናቴዝ የተባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት የሚነቃው ከ387 ናኖሜትር ባጠረ ብርሃን ነው። በተራ ነጭ አምፖል ሥር ቀለም ከቀነሰ ብርሃኑን የዋጠው ማቅለሚያው ራሱ ሊሆን ይችላል። ቀለም በሌለው በካይ፣ ለምሳሌ በፌኖል፣ ደግመው ይሞክሩት።

ናሙናውን እንደ ነገሩ ማንበብ

ያልተለየ ዱቄት ብርሃን ስለሚበትን ንባቡን ከፍ ያደርጋል። ሜቲሊን ብሉ የሚነበበው 664 ናኖሜትር ላይ ነው፤ 800 ላይም ይመልከቱ። እዚያ ዜሮ ካልተጠጋ ዱቄት ቀርቷል ማለት ነው። ማጣሪያ ደግሞ ማቅለሚያውን ራሱ ሊይዝ ስለሚችል በፍጥነት እያሽከረከረ ዱቄቱን የሚለየው ሴንትሪፊውጅ ይመረጣል። በሊትር 10 ሚሊግራም ሜቲሊን ብሉ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የናሙና መያዣ) ከ2 በላይ ያነባል፤ ንባቡ ከ1 በታች እስኪሆን ያቅጥኑት።

ማግኔታይትን በአየር ውስጥ ማጋል

ማግኔታይት ዱቄቱ በማግኔት እንዲሰበሰብ የሚጨመር ጥቁር የብረት ኦክሳይድ ነው። ሲያዘጋጁት ለ50 ሚሊሊትር ኦክስጅኑ የወጣለት ውሃ 5.4 ግራም ሄክሳሃይድሬት ፈሪክ ክሎራይድና 2.0 ግራም ቴትራሃይድሬት ፈረስ ክሎራይድ ሁለት ለአንድ የሞል ምጣኔ ይሰጣሉ። ናይትሮጅን እየነፋ፣ አሞኒያ እየጨመሩ ፒኤቹን 10 ያድርሱ። ጥቁር ዝቃጭ ትክክል ነው፤ ቡናማ ከሆነ አየር ገብቶበታል። ከዚያ በኋላ ኮምፖዚቱን በአየር ውስጥ 500 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ማጋል ማግኔታይቱን ወደ ቀይ ሄማታይት ይለውጠዋል፣ በማግኔት መሰብሰብም ያቅታል። በናይትሮጅን ውስጥ ያግሉት። ማግኔታይትና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በቀጥታ ሲነካኩ ደግሞ የፎቶካታሊስቱ (በብርሃን ማቅለሚያውን የሚሰብረው ኦክሳይድ) ጉልበት ይዳከማል፤ በመካከል ስስ የሲሊካ ሽፋን ይግባ።

ቀለም ሲጠፋ ሥራው አለቀ ማለት

በተለይ ኦክስጅን ባነሰበት ቢከር ሜቲሊን ብሉ ሳይሰበር ቀለም አልባ ወደሆነ ቅርጹ ሊለወጥ ይችላል። ናሙናውን ከአየር ጋር ይነቅንቁት፤ ሰማያዊው ከተመለሰ አልተሰበረም። ከ200 እስከ 800 ናኖሜትር ሙሉውን ያንብቡ። ጫፉ ከ664 ወደ አጭር ሞገድ ከተንሸራተተ ሞለኪዩሉ ሜቲል ቡድኖቹን ብቻ እየጣለ ነው። አልትራቫዮሌት ክልል ላይ የቀረ ጉብታም የተሰባበሩ ቀለበቶች ገና አለመጥፋታቸውን ያሳያል። ቁርጡን የሚነግሩት የጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ወይም የኬሚካላዊ ኦክስጅን ፍላጎት ልኬት ናቸው፤ ቀለሙ 95 በመቶ ጠፍቶ ካርቦኑ ከግማሽ በላይ ሊቀር ይችላል።

ዱቄቱን ሳይመዝኑ ደግሞ መጠቀም

በየዙሩ አጥበው፣ አድርቀውና መዝነው ለቀረው ዱቄት የሚመጥን የማቅለሚያ ውሃ ያዘጋጁ። አለበለዚያ በማጠብ የጠፋው ዱቄት የካታሊስቱ መድከም ይመስላል። የታከመው ውሃ ውስጥ የቀረውን ዚንክ ወይም ብረት በአቶሚክ አብዞርፕሽን (ብረታ ብረትን በሚውጡት ብርሃን የሚለካ ዘዴ) መለካትም የዚሁ ዙር ሥራ ነው።